የትም የማይሄድ ብስክሌት



በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤተሰብ ጸሎትና ስለ ገንዘብ አያያዝ ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ ግን ከመጋቢ ሚስት ብዕር የማትጠብቁትን ርዕስ ይዤ መጥቻለሁ። ስለ ብስክሌት ልጽፍላችሁ ነው። ያውም መንገድ ላይ ስለሚነዳው ሳይሆን፣ ቤት ውስጥ ቆሞ ቀኑን ሙሉ ቢነዱት አንድ ስንዝር ፈቀቅ ስለማይለው ብስክሌት። "እኅታችንን ምን ነካት?" ከማለታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። ነገሩ ብስክሌት ይምሰል እንጂ የትዳር ጉዳይ ነው። የጻፍኩትን ሁሉ ባለቤቴ አስቀድሞ አንብቦ፣ "ይውጣ፤ ሌላ አገልጋይ ይማርበታል" ብሎ ፈቅዶልኛል።

ልብስ መስቀያው

የምናገለግለው በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በጉንደ ወይን ነው። አዲስ አበባ የምትኖር ታናሽ እኅቴ በ2014 ዓ.ም. ቤት ስትቀይር ይህን ብስክሌት የምታስቀምጥበት ቦታ አጣች። "እትዬ፣ አንቺ ጋ ይሁን፤ ከምሸጠው አንቺ ጤናሽን ጠብቂበት" ብላ በጭነት መኪና ላከችልኝ። ሲወርድ የሰፈሩ ልጆች ተሰበሰቡ። ጎማ እንደሌለው ሲያዩ ግማሾቹ "ተሰብሯል" አሉ፤ ግማሾቹ "ቢላዋ መሳያ ነው" አሉ።

ባለቤቴም ብዙ አልተደሰተበትም። "ከቅዱሳን መካከል እህል የቸገረው አለ፤ በመጋቢ ቤት የስፖርት ዕቃ ቢታይ ምን ይባላል?" አለኝ። እውነት ለመናገር እኔም ከአንድ ሳምንት በላይ አልነዳሁትም። በመጀመሪያው ቀን ወጥቼ በኃይል ካሽከረከርኩት በኋላ እግሬን ባቆም ፔዳሉ አልቆም ብሎ ቅልጥሜን መታኝ። ለምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ። ከዚያ ወዲያ ብስክሌቱ ጋቢና ነጠላ የሚሰቀልበት ሆነ። ሁለት ዓመት ያህል ሰውን ሳይሆን ልብስን ተሸክሞ ኖረ።

ጎረቤታችን አንዲት እናት አሉ። ዕድሜያቸው ከስድሳ በላይ ነው፤ ገበያ የሚወርዱት በእግራቸው ነው፤ እንጨቱንም ውኃውንም ራሳቸው ይሸከማሉ። አንድ ቀን አቧራውን ጠርጌ ስነዳ ገብተው አዩኝና ትክ ብለው ተመለከቱኝ። "ልጄ፣ ይህ ሁሉ ድካም የት አደረሰሽ?" አሉኝ። "የትም እማማ" አልኳቸው። "እንግዲያው ነይና ይህን እንስራ አድርሺልኝ" ብለው ሳቁ።

ወገኖቼ፣ እማማ ትክክል ናቸው። እንደርሳቸው ለሚኖር ሰው ይህ ብስክሌት አያስፈልገውም። የጎጃም ገበሬ ሞፈር ይዞ፣ ጤፍ አርሞ፣ አጭዶና ወቅቶ ሲውል ከየትኛውም የስፖርት ቤት የበለጠ ይሠራል። ችግሩ ያለው እኛ ዘንድ ነው፤ ወንበር ላይ ውለን፣ ባጃጅ ተሳፍረን፣ ማታ ደግሞ የአራሽ ማዕድ በምንመገበው ዘንድ። መምህራን፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ ነጋዴዎች፣ ደግሞም አገልጋዮች። ባለቤቴ ለጥየቃ በሚገባበት ቤት ሁሉ ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር ይቀርብለታል። እንቢ ማለት እንደ ንቀት ስለሚቆጠር ይጠጣል። በቀን አምስት ቤት ከጠየቀ አሥራ አምስት ማንኪያ ስኳር ነው።

187

በ2016 ዓ.ም. ባለቤቴ ውኃ ጥሙ በዛ፤ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት መነሣት ጀመረ፤ ቀበቶውም ሁለት ቀዳዳ ገባ። "ጾሙ ነው" አለ። እኔ ግን ጎትቼ ወሰድኩት። ቁርስ ሳይበላ የተለካው የደም ስኳር 187 ሆነ። በሌላ ቀን ሲደገምም ከዚያ ብዙም አልራቀም። ባለሙያው እንዳስረዳን፣ ሰው ሳይበላ አድሮ ሲለካ ከ100 በታች መሆኑ ጤናማ ነው፤ ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው፤ 126 ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከጸና የስኳር በሽታ ነው። መድኃኒት ተጻፈለት፤ ስለ ምግብ ተነገረው፤ በመጨረሻም "በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ" ተባለ።

እንዴት ተደርጎ? በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭቱ ከተነሣ በኋላ በማለዳም ሆነ በምሽት ወጥቶ መራመድ እንደ ልብ ያልሆነባቸው ብዙ ቀናት አሳልፈናል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው አለ። ለሴት ከሆነ የሰው ዓይንም አለ፤ በአዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ "መንገድ ለሰው" እየተባለ አውራ ጎዳና ለመኪና ተዘግቶ ሕዝብ በአደባባይ ስፖርት ሲሠራ አይተናል፤ በትንሽ ከተማ ግን የመጋቢ ሚስት ቱታ ለብሳ ብትሮጥ ወሬው ከእርሷ ቀድሞ ይደርሳል። ያን ጊዜ ነው ጋቢውንና ነጠላውን ከብስክሌቱ ላይ ያወረድኩት።

የቤት ስብከት

እዚህ ላይ ኃጢአቴን ልናዘዝ።

የባለቤቴን ሕመም ከሰማሁ ቀን ጀምሮ እኔ ሰባኪ፣ እርሱ ጉባኤ ሆነ። "ዛሬ አልነዳህም።" "ዳቦው ይበቃሃል።" "ልጆችህን ማን ሊያሳድግልህ ነው?" በር ላይ ወረቀት ለጥፌ የነዳበትን ቀን በምልክት፣ ያልነዳበትን በቀይ እስክሪብቶ እጽፍ ነበር። እንግዳ በተቀመጠበት ሳይቀር የሻይ ማንኪያውን እቆጥርበት ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የተማርኩት ቃል ሁሉ እርሱን መምቻ ዱላ ሆነኝ፤ "ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው" የሚለውን ትምህርት (1ኛ ቆሮ. 6፥19) ለመንጋው ከሰበከው ይልቅ እኔ ለእርሱ የሰበክሁት ሳይበልጥ አይቀርም።

እርሱም መለሰልኝ፤ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የጻፈውን ጠቅሶ (1ኛ ጢሞ. 4፥8)፣ "የሰውነት ልምምድ ጥቅሙ ጥቂት ነው ተብሏል፤ እኔ የምሮጠው ለብዙው ነው" አለኝ። በሁለት ጥቅስ ተዋጋን ማለት ነው። አንድ ቀን ግን ተናዶ ወጣና በአንድ ጊዜ ዐርባ ደቂቃ ሊነዳ ቆረጠ። ማጠንከሪያውን አጥብቆ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ መድኃኒቱን ውጦ። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላብ አጠመቀው፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ጨለመበት። አውርጄ ስኳር በውኃ በጥብጬ አጠጣሁት። ከዚያ በኋላ ብስክሌቱን ለማየት እንኳ አልፈለገም፤ ስለ ሕመሙም ከእኔ ጋር መነጋገር አቆመ። በአንድ አልጋ ተኝተን፣ በአንድ ማዕድ በልተን፣ በአንድ መድረክ አገልግለን ለሁለት ወር ያህል ስለ ትልቁ ነገራችን አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ጥንዶች ሆይ፣ ይህ ዝምታ በእናንተም ቤት አለን?

መብራት የጠፋበት ማታ

አንድ ማታ መብራት ጠፋ፤ ኔትወርክም አልነበረም። ልጆቹ ተኝተዋል። ይህ ብስክሌት ኤሌክትሪክ አይፈልግምና ሻማ አብርቼ ወጣሁበት። ባለቤቴ ሌላ የሚሠራው ስላልነበረው በርጩማ ስቦ ከጀርባዬ ተቀመጠ። እኔ ፊቴ ወደ ግድግዳው ነው። ትንፋሼ ስለሚቆራረጥ ረጅም ነገር መናገር አልችልም።

ከዚያ እርሱ መናገር ጀመረ።

አባቱ እንዴት እንደ ሞቱ ነገረኝ። እግራቸው ላይ ትንሽ ቁስል ወጥታ፣ ሳይድን ቀርቶ፣ እግሩ ተቆርጦ፣ በዓመቱ እንዳረፉ። በጊዜው ማንም የበሽታውን ስም አልነገራቸውም፤ እርሱ ግን አሁን ስሙን ያውቀዋል። ቀጥሎም ከእኔ የደበቀኝን ነገረኝ፤ ከወራት ጀምሮ የእግሩ ጣቶች ይደነዝዙታል፤ አንድ ጊዜ ጫማው ውስጥ የገባ ጠጠር ቀኑን ሙሉ ሲፈገፍገው ውሎ ማታ ካልሲው በደም ተነክሮ አይቶ ካልሲውን ደብቆ አጥቦታል። "ለሰው ፈውስ እየጸለይኩ የራሴን እንዴት ልናገር? ለአንቺ ብናገር ደግሞ ትሰብኪኛለሽ" አለኝ።

እግሬን ላቆም ፈለግሁ። "አታቁሚ" አለኝ። "አንቺ ስትነጂ ነው መናገር የቻልኩት። ትንፋሽ ሲያጥርሽ ታዳምጫለሽ።"

እኅቶቼ፣ በሃያ ዓመት ትዳር ውስጥ እንደዚያ የሚያም፣ እንደዚያም የሚፈውስ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ያዕቆብ በመልእክቱ ሰው ለመስማት እንዲፈጥን፣ ለመናገር እንዲዘገይ ይመክራል (ያዕ. 1፥19)። እኔ ይህን ቃል በኮሌጅ ፈተና ላይ በቃሌ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። መኖርን ግን ያስተማረኝ የትንፋሽ ማጠር ነው።

በነጋታው ወረቀቱን ከበሩ ላይ ቀደድኩት። አብረን ወደ ሐኪም ሄደን ስለ እግሩ ነገርን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደንባችን ይህ ሆነ፤ አንዳችን ስንነዳ ሌላችን በርጩማው ላይ እንቀመጣለን፤ የተቀመጠው ያወራል፣ የሚነዳው ያዳምጣል። ከዚያ እንቀያየራለን።

መንፈሳዊ ነው ወይስ ዓለማዊ?

ጳውሎስ በዚያ ክፍል "ጥቅም የለውም" አላለም፤ ከዘላለሙ ጋር አመዛዝኖ ጥቅሙ የተወሰነ መሆኑን ነው የተናገረው። የተጠቀመበት የግሪክ ቃል "ጂምናስያ" ሲሆን፣ ዛሬ "ጂም" የምንለው ከዚሁ ሥር የመጣ ነው። ጥቂት ጥቅም ያለውን ነገር ጥቂት ቦታ መስጠት ታዛዥነት ነው። ጣዖት ማድረጉም መናቁም ሁለቱም ስሕተት ነው። ይኸው ሐዋርያ ጢሞቴዎስን ስለ ሆድ ሕመሙ የመከረ (1ኛ ጢሞ. 5፥23)፣ ሐኪሙን ሉቃስንም "የተወደደ" ብሎ የጠራ ነው (ቆላ. 4፥14)።

ኤልያስንም አስቡት። ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር መጀመሪያ ስብከት አልላከለትም፤ እንቅልፍ፣ እንጎቻና ውኃ ነው የሰጠው (1ኛ ነገ. 19)። ከዚያ በኋላ ነው የተነጋገሩት። የደከመ ሰውነት ያለውን አገልጋይ ጌታ እንዴት እንደሚይዝ ከዚህ እንማር።

አንድ ነገር ደግሞ በፍቅር፣ ግን በግልጽ ልናገር። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ተጸልዮላቸው ሳይመረመሩ መድኃኒታቸውን የጣሉ ወገኖችን አይቻለሁ። አንዳንዶቹን ቀብረናል። ጌታ ይፈውሳል፤ አምናለሁ። ነገር ግን የፈወሰውን ሰው ምርመራ አያስፈራውም። መድኃኒት የሚቀነሰውም የሚቆመውም ሐኪም ለክቶ ሲያረጋግጥ ነው። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ሆናችሁ ጾም ጸሎት ከመያዛችሁ በፊትም አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ። ይህ እምነት ማነስ አይደለም።

ስለ ብስክሌቱ ጥቂት ዕውቀት

ብስክሌት ለሀገራችን አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በሜልበርን እ.ኤ.አ. በ1956 ከተወዳደሩት መካከል ብስክሌተኛው ገረመው ደንቦባ ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

ቤት ውስጥ የሚነዳው "ስፒን ባይክ" የተባለው ዓይነት ታሪኩ ለቤተሰብ ዓምድ የሚስማማ ነው። ደቡብ አፍሪካ የተወለደው ጆኒ ጎልድበርግ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ለረጅም ርቀት ውድድር ሲዘጋጅ ልምምዱ ሌሊት መንገድ ላይ ነበር። መንገዱ አደገኛ ሆነበት፤ ሚስቱም ነፍሰ ጡር ነበረች። ስለዚህ ከቤት ሳይርቅ የሚለማመድበትን ብስክሌት በመኪና ማቆሚያ ክፍሉ ሠራ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሽዊን የተባለው የብስክሌት ድርጅት አምርቶ ለገበያ አቀረበው። እንግዲህ ነገሩ ሲጀመርም ከሚስት ላለመራቅ ነበር ማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከፊት ከባድ የብረት መንኮራኩር አለው። ፔዳሉ በካቴና ወይም በቀበቶ ያዞረዋል። ከመሪው በታች ያለችው ማዞሪያ ወደ ቀኝ ስትጠብቅ ዳገት እንደ መውጣት ይከብዳል፤ ስትላላ ሜዳ ይሆናል። ማክበጃው በአንዳንዱ መንኮራኩሩን የሚነካ የሱፍ ወይም የቆዳ ፍሬን ነው፤ በአንዳንዱ ደግሞ ሳይነካ የሚስብ ማግኔት ነው። የሱፉ በጊዜ ብዛት ያልቃልና ይቀየራል፤ የማግኔቱ ድምፅ አያሰማም። ሁለቱም ያለ መብራት ይሠራሉ፤ ደቂቃ የምትቆጥረው ትንሽ መስኮት ካለች በባትሪ ድንጋይ ነው።

ቅልጥሜን የመታኝ ይህ ነው፤ በብዙዎቹ ላይ ፔዳሉና መንኮራኩሩ አብረው የተያያዙ ስለሆኑ እግር ቢቆምም ፔዳሉ በጉልበቱ መዞሩን ይቀጥላል። ለማቆም እግርን ቀስ በቀስ ማዘግየት ነው፤ በድንገት ማቆም ካስፈለገ በብዙዎቹ ላይ ያችኑ ማዞሪያ ወደ ታች መጫን ይይዘዋል። ስለዚህም ሕፃናት በፍጹም አይጠጉት። ጣት በካቴናውና በመንኮራኩሩ መካከል ከገባ አደጋው ከባድ ነው። ስትወርዱ ማዞሪያዋን አጥብቃችሁ ተዉት።

እንዴት ልጀምር?

ቁመቱን አስተካክሉ። ከጎኑ ስትቆሙ ኮርቻው ከዳሌ አጥንታችሁ ትይዩ ይሁን። ወጥታችሁ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ጥቂት እጥፍ እንዳለ ይቅር፤ ተገትሮ ከተዘረጋ ኮርቻው ከፍ ብሏል፤ በጣም ከታጠፈ ዝቅ ብሏል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ብዙዎች ችግራቸው የኮርቻው ዝቅ ማለት ነው። ለጀማሪ መሪው ከኮርቻው እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ቢል ለወገብ ይሻላል። ወለሉ የአፈር ከሆነ እንደኛ ጣውላ አንጥፉበት። ቡሎኖቹን በየሳምንቱ በቺያቬ አጥብቁ፤ ላብ ብረት ያዝጋልና በጨርቅ ጥረጉት።

ቀስ በቀስ ነው። አባቶች "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ያሉት ለዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በቀን 10 ደቂቃ፣ በሳምንት አራት ቀን ይበቃል። ሦስቱን ደቂቃ በላላ ማሟሟቂያ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ደቂቃ በላላ ማቀዝቀዣ አድርጉት። ከዚያ በየሳምንቱ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ጨምሩ። 30 ደቂቃ በሳምንት አምስት ቀን ሲደርስ 150 ደቂቃው ሞላ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በተጨማሪ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በተከታታይ ከሁለት ቀን በላይ ባይዘል ይሻላል፤ ምክንያቱም የሠራ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳርን የሚስብበት ጥቅም ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይቆይም።

ፍጥነቱ። ቀኝ ጉልበታችሁ ከፍ ያለበትን ለ15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በአራት አባዙት፤ በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ለጀማሪ መልካም ነው። ከዚህ የሚበልጠው መለኪያ ግን አንደበታችሁ ነው። አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ፣ መዝሙር መዘመር ግን ካቃታችሁ፣ መካከለኛው ልክ ያ ነው። ከዘመራችሁ ጨምሩ፤ መናገር ካቃታችሁ ቀንሱ።

ጥንቃቄ። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡርም የሆናችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ መድኃኒት የምትወስዱ ባዶ ሆዳችሁን አትንዱ፤ ከረሜላ ወይም ስኳር በቅርብ ይኑር። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ከመጣ የስኳር መውረድ ሊሆን ይችላልና ወዲያው ውረዱ፤ የሚጣፍጥ ነገር ውሰዱ። ባለቤቴ በዚያ ቀን የደረሰበት ይኸው ነበር፤ ጥፋቱም ግማሹ የእኔ ጭቅጭቅ ነው። ደረት ላይ ጫና ወይም ሕመም ከተሰማችሁ አቁማችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ። እግሩ የሚደነዝዘው ሰው ባዶ እግሩን አይንዳ፤ የሚመቸው የተሸፈነ ጫማ ያድርግ፤ ሲጨርስም የእግሩን ጣቶችና ውስጥ እግሩን ይመልከት። ማየት ካልቻለ የትዳር ጓደኛው ይይለት። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቧል፤ እኛ የባላችንን ወይም የሚስታችንን እግር ብናይ ምን ያህል ነው?

ብስክሌት ለሌላችሁ

አብዛኞቻችሁ ይህ ብስክሌት እንደሌላችሁ አውቃለሁ፤ ግዙም አላልኳችሁም። ባልና ሚስት ሆናችሁ ከጸሎት ቤት ወደ ቤት ባጃጅ ትታችሁ ተራመዱ። ጓሮ ቆፍሩ። መውጣት ባልተቻለበት ቀን በቤት ውስጥ በቦታችሁ እየረገጣችሁ አሥር ደቂቃ ቁሙ፤ ከወንበር ተነሡ ተቀመጡ እያላችሁ አሥር ጊዜ ድገሙ። ልኩ ያው ነው፤ እያወራችሁ መሥራት የምትችሉበት፣ እየዘመራችሁ ግን የማትችሉበት።

በቤታችን የሆነውን ደግሞ ሳላጋንን ልንገራችሁ። ተአምር አልተፈጸመም። ባለቤቴ ክኒኑን ዛሬም ይውጣል። ስኳሩ ወርዷል፤ አንዳንድ ወር ግን ይወጣል። ጣቶቹ አሁንም ይደነዝዛሉ፤ ቁስል ግን የለም። ብስክሌቱን ዛሬም አይወደውም። "የትም የማያደርስ ድካም" ይለዋል፤ ሃያ ደቂቃውን ግን ይነዳል። የሚወደው በርጩማው ላይ መቀመጡን ነው። በጉባኤው ፊት ቆሞም ሕመሙን በገዛ አንደበቱ ተናገረ። በዚያ ቀን አገልግሎቱ ሲያልቅ አራት ወንድሞች ለብቻቸው ጠርተው፣ "መጋቢ፣ እኔም ነኝ" አሉት። ሻዩም በየቤቱ ያለ ስኳር ይቀርብለት ጀመር።

በቀደም ጎረቤታችን እናት ማታ ብቅ ብለው አገኙን። እኔ እነዳለሁ፤ እርሱ በርጩማው ላይ ሆኖ ያወራል። ጥቂት ቆመው ሰሙና፣ "እንዲህ ከሆነስ ደርሳችኋል" ብለው በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ።

ለባልና ሚስት የመወያያ ጥያቄዎች

1. ስለ ጤናህ ወይም ስለ ጤናሽ ለትዳር ጓደኛ ያልተነገረ ነገር አለ? እንዳይነገር ያደረገው ምንድን ነው?

2. በቤታችን ምክር ዱላ የሆነበት ጉዳይ የቱ ነው? ይቅርታ መጠየቅ ያለብን ማን ነን?

3. በዚህ ሳምንት አብረን ሰውነታችንን የምናንቀሳቅስበት፣ አንዱ ሲናገር ሌላው የሚሰማበት አሥር ደቂቃ መቼ ይሁን? ቀኑንና ሰዓቱን አሁኑኑ ወስኑ።

እስከሚቀጥለው እትም ጌታ ነፍሳችሁንም ሥጋችሁንም ይጠብቅ። ቤታችሁ የተባረከ ይሁን።